ባዮስ ያስተካከልኩትን ይረሳል፤ ባትሪ ቀይሬም አልዳነም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ያገለገለ ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 ዴስክቶፕ ለፎቶ ኮፒ ቤቴ ገዛሁ። ማታ ዘግቼ ስወጣ ዲቫይደሩን አጠፋለሁ። ጠዋት ስከፍተው 162 እና 163 የሚሉ መልእክቶች አምጥቶ ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል፤ ከኤስኤስዲው እንዲነሳ ያስተካከልኩት ቅደም ተከተልም ይጠፋል። ቀን ላይ ሪስታርት ሳደርገው ግን ምንም አይረሳም። ባትሪውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ አዲሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይሠራና ተመልሶ ያው ነው። ጠጋኙ የባዮስ ቺፑ መቀየር አለበት ይላል። እውነት ነው?»

ቺፑን፣ ማለትም ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) የተጻፈበትን፣ አያስነኩ። እርስዎ ራስዎ ከጻፉት ውስጥ ሁለት ነገሮች ቺፑን ነፃ ያወጡታል፤ አንደኛው «ሪስታርት ሳደርገው አይረሳም» ያሉት፣ ሁለተኛው «ሁለት ሳምንት ያህል ይሠራል» ያሉት። መጻፍ ያቃተው ቺፕ ቀን ላይም አይጽፍም፤ ሁለት ሳምንት ጠብቆ አይታመምም። የእርስዎ ማሽን ይጽፋል፣ ይይዛል፣ የሚረሳው ዲቫይደሩ ሲጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ጥፋት ከባትሪው እስከ ሰዓት ቆጣሪው ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

መንገዷን ማወቅ ግማሽ ጥገና ነው። በ1984 የወጣው አይቢኤም ኤቲ የሞቶሮላ ሰዓት ቆጣሪ ቺፕ ነበረው። በውስጡ 64 ባይት ማስታወሻ ሲኖር 14ቱ ለሰዓቱና ለመቆጣጠሪያው፣ የቀሩት 50ዎቹ ለማሽኑ ምርጫዎች ነበሩ። «ሲሞስ» የምንለው ያችን ማስታወሻ ነው። ዛሬ ያ ቺፕ ለብቻው የለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ትልቁ ቺፕሴት ውስጥ ገብቷል፣ ግን ባሕርዩ አልተለወጠም፤ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ከተቋረጠበት ይረሳል። ኮምፒውተሩ ሻት ዳውን ሆኖ እንኳ ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ትንሽ የመጠባበቂያ ኃይል ሰዓት ቆጣሪውን ይመግበዋል፤ ባትሪው ያን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ዲቫይደሩ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ብቻ ባትሪው ይረከባል። ገመዱ ተነቅሎ በማያውቅ ማሽን ላይ ባትሪው ሞቶ ዓመት ቢሞላውም ማንም ሳያውቅ የሚቀረው ለዚህ ነው። ዕቃ ቤት ቆይቶ በመርከብ የመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ደግሞ በመጀመሪያው ቀን 162 የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። በኤችፒ ቋንቋ 162 ምርጫዎቹ አልተቀመጡም፣ 163 ሰዓትና ቀን አልተቀመጠም ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ከመጡ የሰዓት ቆጣሪው ክፍል ኃይል አጥቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሲአር 2032 የሚለው ቁጥር ራሱ ይናገራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። አዲስ ሲሆን ከ3.0 እስከ 3.3 ቮልት ያሳያል፣ የሚይዘውም ወደ 220 ሚሊ አምፕ ሰዓት ነው። ጤነኛ ማዘርቦርድ ገመዱ ተነቅሎ ከባትሪው የሚወስደው ጥቂት ማይክሮ አምፕ ነው፤ 5 ማይክሮ አምፕ እንበል። 220 ሚሊ አምፕ ሰዓት ለ5 ማይክሮ አምፕ ሲካፈል 44,000 ሰዓት፣ ማለትም 5 ዓመት ይሆናል። የእርስዎ ሱቅ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተዘግቶ ያድራል፣ እሑድም አይከፈትም ብንል ባትሪው በሁለት ሳምንት የሠራው 192 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ካለቀ በአማካይ 1.1 ሚሊ አምፕ ያህል ተወስዶበታል፤ ከሚገባው ከ200 እጥፍ በላይ! ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ባትሪዎቹ ሲገዙም ግማሽ ሬሳ ነበሩ፣ ወይ ቦርዱ ላይ ኃይል የሚያፈስ ነገር አለ።

ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ጥንቃቄ። የባዮሱን ገጾች በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ። በተለይ የሳታው (ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) አሠራር ኤኤችሲአይ ነው ወይስ ሬይድ የሚለውን ያስተውሉ፤ ሲሞስ ሲጠፋ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ስለሚመለስ፣ ዊንዶውስ ከተጫነበት የተለየ ከሆነ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ያመጣል። ሰው ያኔ ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል፣ ጥፋቱ ግን የአንድ መስመር ምርጫ ነው። ሁለተኛው፣ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ባትሪ አይንኩ።

መጀመሪያ ባትሪውን ይፍረዱ፣ ርካሹ እሱ ነውና። ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ከፓወር ሰፕላዩ ይንቀሉና የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ካፓሲተሮች (ኃይል ለጊዜው የሚይዙ ጥቃቅን ዕቃዎች) ውስጥ የቀረው ይውጣ። ኬዙን ከፍተው ባትሪውን ሲያወጡ በብረት ፒንሳ ሁለቱን ፊቶች አንድ ላይ አይቆንጥጡ፤ ያን ጊዜ ሾርት ያደርጉታል። በኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ በባትሪው አንድ ጠርዝ በኩል ብቅ ያለ ብረት አለ፤ እሱን በጥፍር ገፋ ሲያደርጉ ባትሪው ራሱ ይነሳል። ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብቶ እንደ ቆርኪ መፈንቀል መያዣውን ያጣምመዋል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ባትሪም በቅጡ አይነካም።

ባትሪውን ዝም ብሎ በቴስተር መለካት ያታልላል። የደከመ ባትሪ ምንም ሸክም ሳይኖርበት 3.0 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያግኙ፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው፤ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ አይጠፋም። ሬዚስተሩን በባትሪው ሁለት ፊቶች መካከል ይያዙና ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው እንደያዙ 10 ሰከንድ ይቁጠሩ። በሬዚስተሩ የሚያልፈው 3 ሚሊ አምፕ ያህል ነው፣ ባትሪውን አይጎዳም። ጥሩ ባትሪ ንቅንቅ አይልም፤ ከ2.9 በላይ ይቀመጣል። እየተንሸራተተ ከ2.7 በታች ከወረደ ይጣሉት። ሁለቱን ባትሪዎች ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ማሸጊያ ከገዙ ሁለቱም አብረው ያረጁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስተኛውን ከሌላ ቦታ ይግዙ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውንም ቀን ይዩ። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ 2025 ቢሰጥዎት አይቀበሉ፤ ቮልቱ አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መያዣው ውስጥ ይላላል፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ይለቅና ይረሳል። ኤልአይአር 2032 የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አያስገቡ፤ የሚሞላ ዓይነት ነው፣ ሲሞላ ከ4 ቮልት ያልፋል። ያወጡትን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት፤ ሕፃን ቢውጠው ጉሮሮ በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል።

ባትሪው ፈተናውን ካለፈ ፈሳሹን፣ ማለትም ከባትሪው የሚፈሰውን ኃይል፣ መለካት ነው፤ የዚህ ሁሉ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቴስተሩን አምፕ ላይ አድርጎ ይገባበትና ፊውዙን ያቃጥላል፤ ያው የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይሻላል። ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ያዘጋጁ። የአንዱን ጫፍ ባዶው መያዣ ውስጥ ካለው የጎን ብረት ጋር፣ የሌላውን ከታች ካለው ስፕሪንግ ጋር በፕላስተር ያስይዙ። የታችኛው ሽቦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይሂድ። የጎኑ ሽቦ ግን መጀመሪያ ወደ ሬዚስተሩ፣ ከሬዚስተሩ ወደ ባትሪው ፖዚቲቭ ይሂድ። ገመዱ እንደተነቀለ መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ። አሁን ቴስተሩን በሚሊ ቮልት መለኪያው ላይ አድርገው የሬዚስተሩን ሁለት ጫፎች ይንኩ። በ1 ኪሎ ኦም ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት አንድ ማይክሮ አምፕ ማለት ስለሆነ የሚያነቡት ቁጥር ያለ ምንም ስሌት ፈሳሹ ራሱ ነው። ሲያገናኙት ካፓሲተሮች ስለሚሞሉ ቁጥሩ ለአፍታ ይዘላል፤ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ።

ከ10 በታች ላይ ከረጋ ቦርዱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኞቹ የገዟቸው ባትሪዎች ነበሩ፣ ጉዳዩም አለቀ። 100 አካባቢ ከሆነ በ2,200 ሰዓት፣ ማለትም ያለ ሶኬት በሚቆይበት 3 ወር ውስጥ ባትሪ ይበላል፤ «በየሩብ ዓመቱ ባትሪ ይፈልጋል» የሚባሉት ማሽኖች እነዚህ ናቸው። በሺህ ቤት ከመጣ የእርስዎን ሁለት ሳምንት አገኘነው።

ፈሳሽ ከተገኘ ከቀላሉ ይጀመራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አየሩ የቶነርና የወረቀት ብናኝ ነው፤ ብናኙ እርጥበት ሲያገኝ ኃይል ማሳለፍ ይጀምራል። በመያዣው ዙሪያና ከሥሩ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር፣ የፈሰሰ ሻይ ምልክት፣ የቀድሞ ብየዳ ቡናማ ቅሪት ካለ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ይታጠባል። የሚሻለው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው አይሶፕሮፒል ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ ውሃ ስላለበት ከተጠቀሙት ሌሊቱን ክፍት ትተው ያድርቁት። ቤንዚን ወይም ላምባ የሚነክሩ አሉ፤ ዘይት ይተዋል፣ ብናኙንም ይስባል። ካጠቡ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ቁጥሩ ወርዶ ከተገኘ ደስ ይበልዎት።

ካልወረደ አንድ ተጠርጣሪ ከሁሉም ይቀድማል። ከባትሪው ወደ ሰዓት ቆጣሪው በሚወስደው መንገድ ላይ ሦስት እግር ያላት፣ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ጥቁር ዳዮድ አለች፤ በብዙ ቦርዶች ላይ ባት 54 ሲ የተባለችው ናት። ሥራዋ የበረኛ ነው። በአንድ እግሯ ባትሪው ይገባል፣ በሁለተኛው የፓወር ሰፕላዩ መጠባበቂያ 3.3 ቮልት ይገባል፣ ለብቻው ባለው ሦስተኛ እግር በኩል ከሁለቱ የበለጠው ወደ ሰዓት ቆጣሪው ይወጣል። ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው። የመብራት መምጣትና መሄድ፣ በተለይ ሲመለስ የሚዘለው ቮልት፣ እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ሊያቆስል ይችላል። የመጠባበቂያው በኩል ያለው በር ሲላላ፣ ዲቫይደሩ በጠፋ ቁጥር ባትሪው በዚያ ሾልኮ ቦርዱን በሙሉ ሊመግብ ይሞክራል። ከእርስዎ ምልክት ጋር አንድ በአንድ የሚገጥመው ይህ ነው፤ ሶኬት ላይ እያለ ምንም የለም፣ ሲነቀል ባትሪ ይታለባል።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ባትሪው ቦታው ገብቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ቀለም ያልተቀባ የኬዝ ብሎን ላይ ያድርጉ፤ በቀዩ ሦስቱን እግሮች ይንኩ። ባትሪው ያለበት እግር 3 ቮልት ገደማ፣ ለብቻው ያለው እግር ከዚያ በጥቂት ነጥብ ያነሰ፣ ለምሳሌ 2.8 ወይም 2.9፣ የመጠባበቂያው እግር ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። የመጠባበቂያው እግር ላይ ግማሽ ወይም አንድ ቮልት ቁጭ ብሎ ካገኙት ሌባው ተያዘ። ዳዮዷ ዋጋ የላትም፣ ከማንኛውም የሞተ ቦርድ ላይ ተነቅላ ትመጣለች፤ የሚከፈለው ለእጁ ነው፣ ሙቅ አየር ያለው የሞባይል ጠጋኝም ይሠራታል። ለጠጋኙ «ባዮስ ቀይርልኝ» አይበሉት። «ከባትሪው ወደ መጠባበቂያው መስመር የሚያፈሰውን ዳዮድ ቀይርልኝ» ይበሉት።

ዳዮዷ ጤነኛ ሆና ፈሳሹ ከቀጠለ ቀጥሎ የሚጠረጠረው በዚያው መስመር ላይ ያለ ካፓሲተር ነው። እሱም ካልሆነ ፈሳሹ ቺፕሴቱ ውስጥ ነው፤ ያን መቀየር ከማሽኑ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ለእንዲህ ያለው ውበት የሌለው ግን የሚሠራ መላ አለ፤ 2 የእጅ ባትሪ ድንጋዮች፣ ኤኤ የሚባሉት ባለ 1.5 ቮልት አልካላይን፣ ተከታትለው ሲገቡ 3 ቮልት ይሆናሉ። በፕላስቲክ መያዣ አድርጎ፣ በሁለት ሽቦ ወደ ባትሪው ቦታ አገናኝቶ፣ መያዣውን ኬዙ ግድግዳ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ነው። የሚይዙት ወደ 2,000 ሚሊ አምፕ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሆነ በእርስዎ ፈሳሽ እንኳ ከ4 እስከ 5 ወር ያስኬዳሉ። ፖዚቲቩና ነጌቲቩ እንዳይገለበጥ ብቻ ሁለት ጊዜ ይዩ። እስከዚያው ዲቫይደሩን ባለማጥፋት ማለፍ ይቻላል፣ ግን ያጠፉት በምክንያት መሆኑ ይገባኛል፤ መብራቱ በሚዘልበት ሰፈር ማጥፋቱ ትክክል ነው።

ምልክታቸው የተለየ አንባቢዎችም ስለሚኖሩ የቀሩትን ጥፋቶች ባጭሩ ልበል። መለያው ሁልጊዜ «መቼ ነው የሚረሳው?» የሚለው ነው። የሚታይ አንድ ነገር ይለውጡ፣ ያስቀምጡ፣ ገመዱን ሳይነኩ ሦስት ጊዜ ሪስታርት ያድርጉ። ቀጥሎ ሻት ዳውን አድርገው ሶኬት ላይ እንደሆነ 10 ደቂቃ ይተዉት። በመጨረሻ ገመዱን ነቅለው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በካፓሲተር የቀረው ለጥቂት ደቂቃ ሊይዝ ስለሚችል አምስት ደቂቃ አይፈርድም።

በመጀመሪያው ፈተና፣ በሪስታርት ብቻ፣ ከረሳ ባትሪ አይግዙ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት አሳፋሪ ቢመስልም አለማስቀመጥ ነው። በእነዚህ የኤችፒ ባዮሶች ላይ በእያንዳንዱ ትንሽ መስኮት ውስጥ ከለወጡ በኋላ ኤፍ 10 ተጭነው መቀበል አለብዎት፤ በኤስኬፕ ከወጡ ለውጡ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፋይል ወደሚለው ገጽ ሄደው አስቀምጦ መውጣትን ሲመርጡ ነው የሚጻፈው፤ ሁለት እርምጃ ነው። የቡት ቅደም ተከተሉም በኢንተር ይነሳል፣ በቀስት ይወሰዳል፣ በኢንተር ይቀመጣል፣ በኤፍ 10 ይጸድቃል። በዴል ብዙ ሞዴሎች ደግሞ አፕላይ የሚለውን ሳይጫኑ ኤግዚት ማለት ልፋት ነው። የሚለወጠው መስመር ደብዝዞ አልለወጥ ካለም የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል አድርጎበታል፤ ከውጭ መሥሪያ ቤት የወጡ ማሽኖች ላይ የተለመደ ነው፣ ሻጩን መያዝ ነው።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ የቡት ቅደም ተከተሉ ብቻ የሚገለባበጥ ከሆነ ወደ ሲሞስ አይሂዱ። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ (አዲሱ የባዮስ ዓይነት) ማሽን ላይ የራሱን ማስነሻ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ ውጭ ዲስኩ በሚነሳበት ሰከንድ ካልታየ ባዮሱ ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ወደ መጨረሻ ይልከዋል። የላላ የሳታ ገመድ እንዲህ ያደርጋል፤ ገመዱን መቀየር ከሁሉ ይቀድማል።

የራሙን ፍጥነት ከፍ አድርገው ሲያስቀምጡ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ባዮሱ አልረሳም፣ ተከላከለ እንጂ። ማሽኑ በዚያ ፍጥነት መነሳት ሲያቅተው ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ይቀንሱ፣ ወይም ራሞቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ።

ባትሪው አዲስ፣ ፈሳሽም የሌለ፣ ሶኬት ላይ እያለም በእያንዳንዱ መነሳት «ሲሞስ ጠፍቷል» የሚል ከሆነ የማስረሻውን ጃምፐር (ሁለት እግሮችን የምታገናኝ ትንሽ ክዳን) ይዩ። አሱስ ላይ ሲኤልአርቲሲ፣ ኤምኤስአይ ላይ ጄባት 1፣ አስሮክ ላይ ሲኤልአርሞስ 1 የሚል ጽሑፍ አጠገቡ አለ። ሦስት እግር ካለው በተለምዶ 1 እና 2 ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሰው አጥፍቶ 2 እና 3 ላይ ረስቶት ይሄዳል። በእርስዎ 8300 ላይ ጃምፐር ሳይሆን ቢጫ ቁልፍ ነው፤ የሚሠራውም ገመዱ ተነቅሎ ለ5 ሰከንድ ሲጫኑት ብቻ ነው። በኢንቴል ቺፕሴቶች ላይ ጃምፐሩ ራሱ ምንም አይደመስስም። አንዲት መስመር ወደ ዜሮ ይጎትታል፣ በዚህም «ባትሪ ተቋርጦ ነበር» የምትል ምልክት ትነሳለች፤ ደምሳሹ ምልክቷን ያየው ባዮስ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ከተጣበቀ፣ ወይም በዚያች መስመር ላይ ያለችው ባለ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ካፈሰሰች፣ ባዮሱ በየጠዋቱ ያልሆነ መርዶ ይሰማል። ሰው ቺፕ ለውጦ ለውጦ የሚደክምበት ጥፋት ይህ ነው።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ አብዛኛው ምርጫ በሲሞስ ሳይሆን በባዮሱ ፍላሽ ቺፕ ውስጥ ይጻፋል። ስለዚህ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ብቻ ጠፍቶ ምርጫው ሊቀር ይችላል። ምርጫ ብቻ እየጠፋ ሰዓቱ ከተጠበቀ፣ አለማስቀመጡም የይለፍ ቃሉም ከተጣራ፣ ያን ጊዜ የፍላሹ ነገር ይነሳል። መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ምርጫ መመለስ፣ ቀጥሎ የባዮሱን አዲስ ቅጂ ከአምራቹ አውርዶ መጫን ነው፤ ዩፒኤስ ከሌለዎት ግን አይሞክሩት፣ በመሃል መብራት ቢሄድ ማሽኑ አይነሳም። ቺፑን በፕሮግራመር መጻፍ የመጨረሻው ነው፤ የሚሠራው ሰው በፊት ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን ሳያስተያይ መደምሰስ የለበትም፤ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የኔትዎርክ አድራሻው ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ናቸው።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ነገር አለ። «ሰዓቱ አይያዝልኝም» ከሚሉት ውስጥ ባትሪው ምንም የማይለው ጥቂት አይደለም። ባዮስ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3:00 ብለው ከሞሉ፣ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ወደ 9:00 ይመልሰዋል፤ ረስቶ ሳይሆን አርሞ ነው። ዓመቱን በኛ 2018 ብሎ የሞላ ደግሞ ማሽኑን ወደ ኋላ ወስዶ ባንክም ኢሜይልም «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አይከፈቱለትም፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ለባዮስ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ሊኑክስና ዊንዶውስ አብረው የተጫኑበት ማሽን ላይ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነም ባትሪ አይቀየርም። ሊኑክስ በባዮስ ውስጥ ያለውን ሰዓት የግሪንዊች፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩ ነው ብሎ ያነባል፤ ሊኑክሱን የአገር ሰዓት እንዲያነብ ማዘዝ ይበቃል። ባትሪ የሞተበት ሰዓት እንዲህ ልክክ ያለ ልዩነት አያመጣም።

እርስዎ ዛሬ የሚያደርጉት ይህን ያህል ነው፤ ባትሪውን በሬዚስተር ይፈትኑ፣ ፈሳሹን ይለኩ፣ ካለ አጥበው ይድገሙት። በሸክም ላይ ያለውን የባትሪ ቮልት፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ሚሊ ቮልት፣ ከቻሉም የዳዮዷን ሦስት እግሮች ንባብ ጽፈው ይመልሱልኝ። ዳዮዷ የቷ እንደሆነች ካልለዩ በባትሪው ዙሪያ ያለውን የቦርድ ክፍል ከቅርብ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ ምልክት አድርጌ እመልሰዋለሁ።